ከዕጢው ጀርባ ያለው ነርቭ

እ.ኤ.አ. በ1809 መገባደጃ ላይ በአሜሪካ ኬንታኪ ግዛት የምትኖር ጄን ቶድ ክሮፎርድ የተባለች የገበሬ ሚስት፣ ያረገዘች እስክትመስል ድረስ ሆዷ ተነፍቶ ነበር። ሊያያት የመጣው ሐኪም ኤፍሬም ማክዳውል መርምሯት እርግዝና ሳይሆን የእንቁልጢ ዕጢ መሆኑን ነገራት። እስከዚያ ቀን ሆድ ከፍቶ እንዲህ ያለ ዕጢ አውጥቶ ታካሚው የተረፈለት ሐኪም በታሪክ አልተመዘገበም፤ ማክዳውልም አደጋውን አልደበቃትም። እሺ ካለች ግን እሱ ወደሚሠራባት ዳንቪል ከተማ መምጣት ነበረባት። ዕጢውን ኮርቻው ላይ አሳርፋ ወደ 100 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ በፈረስ ሄደች። ማደንዘዣ ገና አልተገኘም። እሷ መዝሙረ ዳዊት እየደገመች እሱ በ25 ደቂቃ ውስጥ 10 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ዕጢ አወጣላት። በአምስተኛው ቀን ሊጠይቃት ሲገባ አልጋዋን ራሷ ስታነጥፍ አገኛት። ከዚያ በኋላ 32 ዓመት ኖራለች።

የሕክምና ታሪክ ጸሐፊዎች የአልጋውን ነገር የሚያነሱት የሴትዮዋን ጥንካሬ ለማሳየት ነው። እኔ ግን ሌላም ነገር አይበታለሁ። ጄን ክሮፎርድ ቆማለች፣ ጎንበስ ብላለች፣ ሁለቱም እግሮቿ ይዘዋታል። ማክዳውል አስቦበት አይደለም እንጂ በዚያች አንዲት ዓረፍተ ነገር የዳሌ ነርቮቿ አለመጎዳታቸውን ጽፎልናል። ከእሱ በኋላ ለመቶ ዓመት ያህል የዳሌ ቀዶ ሕክምና ዘገባዎች ሲጻፉ ቀዳሚው ጥያቄ «ተረፈች ወይስ ሞተች?» የሚል ነበር። በእግሯ ትሄዳለች? ሽንቷን ትቆጣጠራለች? የሚለው ከዚያ ኋላ የሚመጣ ነው።

ለጥያቄው መዘግየት ምክንያት ነበረው። ሕመሙ፣ የደም መፍሰሱና የቁስል መመርቀዙ ታካሚውን በቀናት ውስጥ ሲገድሉት ስለ እግር የሚያስብ አይኖርም። እ.ኤ.አ. በ1846 በቦስተን የኤተር ማደንዘዣ በአደባባይ ታየ፤ በ1867 ጆሴፍ ሊስተር ቁስልን ከጀርም የመከላከያ ዘዴውን አሳተመ። ቀዶ ሐኪሞች ጊዜ አገኙ፤ ጊዜ ሲያገኙ ደግሞ ወደ ዳሌ ጥልቀት ወረዱ። በ1898 የቪየናው ኤርንስት ቬርትሃይም የማህፀን በር ካንሰር የያዛቸውን ሴቶች ማህፀናቸውን ከዙሪያው ሕብረ ሕዋስ ጋር አብሮ የሚያወጣ ትልቅ ኦፕራሲዮን ጀመረ። ከሞት የተረፉት ሴቶች ግን አዲስ ችግር ይዘው ወጡ። የሽንት ፊኛቸው ሞልቶ እንኳ አይታወቃቸውም፤ ሲታወቃቸውም መሽናት ያቅታቸዋል።

ነገሩ የሚገባን የዳሌን ጎድጓዳ ከውስጥ ስናየው ነው። ወደ ጭን ፊት የሚሄደው የፌሞራል ነርቭ ከወገብ ወርዶ ከትልቁ የሶአስ ጡንቻ ጎን ያልፋል፤ ጉልበት የሚዘረጋው በእሱ ነው። የኦብቱሬተር ነርቭ የዳሌን ግድግዳ ታክኮ ሄዶ ጭንን ወደ ውስጥ የሚሰበስበውን ጡንቻ ያዝዛል። ከወገብ የሚመጣ አንድ ወፍራም የነርቭ ግንድ ደግሞ በአጥንቱ ጠርዝ ላይ አልፎ ከወገብ በታች ካለው ከሳክረም አጥንት ከሚወጡት ጋር ይቀላቀልና ሳያቲክ የምንለውን ትልቁን የእግር ነርቭ ይሠራል። እነዚህ በዓይን የሚታዩ፣ በጣት የሚዳሰሱ ናቸው። ሽንትን፣ ሰገራንና የግብረ ሥጋ ስሜትን የሚያዝዙት ግን ከሳክረም ሁለተኛ፣ ሦስተኛና አራተኛ ቀዳዳዎች ወጥተው ከማህፀን ጀርባና ጎን እንደ መረብ የሚዘረጉ ቀጫጭን ክሮች ናቸው። በደም መካከል ሲታዩ ከተራ ስብ አይለዩም። ቬርትሃይምና ተከታዮቹ የቆረጧቸው እነዚህን ነው።

ጃፓኖች ነገሩን ቀድመው አጤኑት። በ1921 የኪዮቶው ሂዴካዙ ኦካባያሺ የቬርትሃይምን ኦፕራሲዮን አስፍቶና ደረጃ በደረጃ ገልጦ ጻፈ። የሱን መንገድ የተከተለው የቶኪዮው ታካሺ ኮባያሺ ከ40 ዓመት በኋላ፣ በ1961፣ ከሳክረም የሚመጡትን ክሮች ከደም ሥሮቹ ለይቶ እንዴት ማስቀረት እንደሚቻል አሳየ። የጻፈው በጃፓንኛ ነበርና ሌላው ዓለም ለረጅም ጊዜ ልብ አላለውም።

በኦካባያሺ ዘመን ለንደን ውስጥ ቪክቶር ቦኒ የተባለ የማህፀን ሐኪም በሌላ በኩል ወደዚያው ሐሳብ እየመጣ ነበር። ሚስቱ በወጣትነቷ ማዮማ፣ ማለትም ካንሰር ያልሆነ የማህፀን ዕጢ፣ ተገኝቶባት ማህፀኗ ከነዕጢው ወጥቷል፤ ልጅም ሳይወልዱ ቀሩ። ቦኒ ከዚያ በኋላ የሥራ ዘመኑን ማዮማውን ብቻ እየለቀመ ማህፀኑን ለሚያስቀር ኦፕራሲዮን ሰጠ። ካንሰር ላልሆነ ነገር ጤናማውን አካል መስዋዕት ማድረግ ለእሱ ሊቀበሉት የማይገባ ዕዳ ነበር። ክርክሩ ስለ ነርቭ ባይሆንም ሥረ ሐሳቡ አንድ ነው። ዕጢው የማይገድል ከሆነ ኦፕራሲዮኑ የሚለካው አካሉ ወደ ሥራው በመመለሱ ነው።

የዘመናዊ ቀዶ ሕክምና ወሬ በደቡብ ኢትዮጵያ ወደሚገኘው ገናሌ ወንዝ የደረሰው በዚህ መካከል ነው፤ የደረሰውም ከጦርነት ጋር። በ1928 ዓ.ም. መጀመሪያ የሲዳሞና የቦረና ገዥ ራስ ደስታ ዳምጠው ጦራቸውን ይዘው በዶሎ አቅጣጫ ከኢጣሊያው ጄኔራል ግራዚያኒ ጋር ሊገጥሙ ወደ ቆላው ወረዱ። ከኋላቸው በዶክተር ፍሪደ ሂላንደር የሚመራ የስዊድን ቀይ መስቀል አምቡላንስ፣ ማለትም ድንኳንና ካሚዮን የያዘ ተንቀሳቃሽ የጦር ሜዳ ሆስፒታል፣ ተከተለ። ሂላንደር አገሩን አያውቅም የሚባል ሰው አልነበረም፤ ከጦርነቱ በፊት በሐረር ሐኪም ሆኖ ሠርቷል። ድንኳኖቹን መልካ ዲዳ ላይ ተከለ።

ታኅሣሥ 20 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣሊያ አውሮፕላኖች ቀይ መስቀል የተሣለባቸውን እነዚያን ድንኳኖች በቦምብ ደበደቡ። ቲቶ ሚኒቲ የተባለ ኢጣሊያዊ አብራሪ ደጋሃቡር አካባቢ ተይዞ ተገድሎ ስለነበር ድብደባው የበቀል መሆኑን ግራዚያኒም አልሸሸገም። አልጋ ላይ የነበሩ በርካታ ኢትዮጵያውያን ቁስለኞች አለቁ። ጉናር ሉንድስትሮም የተባለ ስዊድናዊ የሕክምና ረዳት ቆስሎ ሞተ፤ ሂላንደር ራሱም ቆሰለ። በሦስት ሳምንት ገደማ፣ በጥምቀት ሰሞን፣ የነጌሌ ቦረና ከተማ በኢጣሊያኖች እጅ ወደቀች።

እንግዲህ በዚህ ቆላ በታሪክ ከተጻፉት የመጀመሪያዎቹ የቀዶ ሕክምና ጠረጴዛዎች አንዱ ከአንድ ወር ያልበለጠ ዕድሜ ነው የነበረው። ስለ ዕጢ የሚነሳ ነገር አልነበረም። ሆኖም የጦር ቁስል ስለ ነርቭ ብዙ የሚያስተምር መሆኑን ሌሎች አገሮች በዚያው ዘመን አይተውታል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት፣ እ.ኤ.አ. በ1943፣ የኦክስፎርዱ ኸርበርት ሴዶን ነርቭ የተጎዱ ወታደሮችን ተከታትሎ ጉዳቱን በሦስት ደረጃ ከፈለው። በመጀመሪያው ነርቩ ተጫነበት እንጂ አልተቋረጠም፤ በሳምንታት ወይም በጥቂት ወራት ይመለሳል። በሁለተኛው የውስጡ ክር ተበጥሶ ሽፋኑ ቀርቷል፤ ክሩ በሽፋኑ ውስጥ እያደገ ሊመለስ ይችላል። በሦስተኛው ሁሉም ተቆርጧል፤ ካልተሰፋ ተስፋ የለውም።

የሚያድግ ነርቭ በቀን አንድ ሚሊሜትር ገደማ ይሄዳል። ከዳሌ እስከ እግር መዳፍ አንድ ሜትር ሊጠጋ ይችላል። ሒሳቡን ለሠራው ሰው ወደ ሦስት ዓመት ይመጣል፤ ትእዛዝ ያጣ ጡንቻ ደግሞ ከአንድ ዓመት ተኩል ወይም ከሁለት ዓመት በላይ አይጠብቅም፤ ይመነምናል። ዳሌ ውስጥ የተቆረጠ የሳያቲክ ነርቭ ተሰፍቶ እንኳ የእግር ጣቶችን መልሶ ያነሳል ብሎ ተስፋ የሚያደርግ ሐኪም ጥቂት የሆነው ለዚህ ነው። ስለዚህ ሁሉም ነገር ያለው ባለመንካቱ ላይ ነው።

ከጦርነቱ በኋላ፣ በ1940ዎቹ ዓ.ም.፣ የኖርዌይ ሉተራን ሚሲዮን ሐኪሞችና ነርሶች ወደ ሲዳሞ ገቡ፤ ይርጋለም ሆስፒታል ውስጥም ሠሩ። ከነጌሌ፣ ከያቤሎና ከሜጋ የሚነሳ ከባድ ታማሚ ዕድል ካገኘ የሚደርሰው ደጋው ላይ ወዳሉት እንዲህ ያሉ ጥቂት ሆስፒታሎች ነበር። ዕድል ማለት ካሚዮን ነው፤ ካሚዮን ከሌለ ቃሬዛ ወይም ግመል።

በ1951 ዓ.ም. ሬጂናልድና ካትሪን ሃምሊን የተባሉ ባልና ሚስት የማህፀን ሐኪሞች አዋላጅ ነርሶችን ሊያሠለጥኑ አዲስ አበባ ልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል ደረሱ። ያላሰቡትን በሽተኛ አገኙ፦ ለቀናት አምጣ የሞተ ልጅ የወለደች፣ ሽንቷ ያለማቋረጥ የሚፈስ፣ ፊስቱላ የያዛት ሴት። ከእነዚህ ሴቶች ብዙዎቹ ሌላም ነገር ነበረባቸው፤ ሲራመዱ አንዱ ወይም ሁለቱ እግራቸው መሬት ይጠርጋል። የሕፃኑ ጭንቅላት ለቀናት ተሰንቅሮ ሲቆይ ያንን ከወገብ ወደ ዳሌ የሚወርደውን የነርቭ ግንድ ከአጥንቱ ጠርዝ ጋር ያጣብቀዋል። ለረጅም ሰዓት ቁጢጥ ብሎ ማማጥም ከጉልበት በታች፣ በውጭው በኩል ቆዳ ሥር የሚያልፈውን ነርቭ ይጫናል። እግርን ወደ ላይ የሚያነሳው ጡንቻ ይሰንፋል፤ ጣቶቹ ይወድቃሉ።

እዚህ ላይ ለአፍታ መቆም ይገባል። በዳሌ ውስጥ የተጎዳ ነርቭ ምን እንደሚያደርግ ኢትዮጵያ የተማረችው ከዕጢ ኦፕራሲዮን ሳይሆን ከረጅም ምጥ ነው። ሕፃኑ ራሱ እንደ ትልቅ ዕጢ ሆኖ ዳሌውን ሞልቶ ነርቩን ይጫናል፤ የሚወጣ እጅ ሳያገኝ ይቆያል። መጽሐፍ ያላነበበች የገጠር አዋላጅ ሁሉ ያንን አካሄድ ታውቀዋለች።

ማሚቱ ጋሼም አውቃዋለች። በ1950ዎቹ ዓ.ም. ገና በአፍላ ዕድሜዋ በፊስቱላ ታማሚነት ወደ ሃምሊኖች መጣች፤ በዚያው ቀርታ ረዳት ሆነች፤ ከዚያም ኦፕራሲዮን ማድረግ ተማረች። መደበኛ ትምህርት ቤት ሳትገባ ከሌላ አገር የሚመጡ ሐኪሞችን እስከ ማሠልጠን ደርሳለች። እ.ኤ.አ. በ1989 የእንግሊዝ ሮያል ኮሌጅ ኦቭ ሰርጀንስ የወርቅ ሜዳሊያ ሲሰጥ ከሃምሊኖች ጋር አብራ ተሸልማለች።

የነጌሌ ስም በአገር ታሪክ ጎልቶ የሚነሳው በሌላ ነገር ነው። ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. እዚያ የሰፈረው አራተኛ ብርጌድ በምግብና በውኃ እጦት ምክንያት አመፀ፤ ከአዲስ አበባ ሊያረጋጋ የተላከውን ጄኔራልም ያዘው፤ የወታደሩን ምግብ አበላው። አብዮቱ ከዚያ ፍንጣሪ ተነሳ ይባላል። የወታደሩን የውኃ ፓምፕ መበላሸት ታሪክ መዝግቦታል፤ በዚያው ከተማ ዙሪያ ውኃ ቀድታ የምትመለሰዋን ሴት እግር ግን ማንም አልመዘገበም። በቀጣዩ ዓመት፣ በ1967 ዓ.ም.፣ አገሩ በለውጥ ሲናወጥ ሃምሊኖች የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታልን ከፈቱ። የወደቀ እግር ላላቸው ሴቶች የፊዚዮቴራፒ ክፍል የሆስፒታሉ ሥራ አካል ሆነ።

በዚያው ሰሞን ስዊድን ውስጥ፣ በመልካ ዲዳ የተገደለው ሉንድስትሮም አገር፣ አንድ ጥያቄ መልስ አገኘ። የጎተንበርጎቹ በርቲል ስቴነርና ቤንግት ጉንተርበርግ ሳክረም አጥንት ውስጥ ዕጢ የበቀለባቸውን ሰዎች ያክሙ ነበር። ዕጢውን ለማውጣት የሳክረምን ነርቮች መቁረጥ ግድ ሲሆን ስንቱን ቢያስቀሩ ሰውዬው ሽንቱንና ሰገራውን ይቆጣጠራል? ጉንተርበርግ እ.ኤ.አ. በ1976 ያሳተመው ጥናት ታካሚዎቹን አንድ በአንድ ተከታትሎ መለሰው። በአንድ በኩል ያሉት ነርቮች ሁሉ ቢቆረጡ እንኳ በሌላው በኩል ያሉት ከዳኑ ሰውዬው በአብዛኛው ይቆጣጠራል። በሁለቱም በኩል መቁረጥ ግድ ከሆነ ሁለተኛዎቹን ጥንድ፣ ሲቻልም ቢያንስ አንድ ሦስተኛ ነርቭ ማትረፍ ያስፈልጋል። ዛሬም የትም አገር ያለ ቀዶ ሐኪም እዚያ ቦታ ቢላዋ ሲያነሳ የሚያስበው ይህንን ነው። በእኔ ዕይታ ከዳሌ ነርቭ ታሪክ ሁሉ ትልቁ ምዕራፍ ይህ ነው፤ ጉንተርበርግ መሣሪያ አልፈለሰፈም፤ ታካሚዎቹን ከኦፕራሲዮን በኋላ በዝርዝር የመጠየቅ ትዕግሥት ብቻ ነበረው።

ጉዳዩ የዓለምን ጆሮ ያገኘው ግን በወንዶች በኩል ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 የባልቲሞሩ ፓትሪክ ዋልሽ ሆላንድ ውስጥ ላይደን ከተማ ከፒተር ዶንከር ጋር ተገናኘ። ጡረታ የወጣው ዶንከር ሞተው በተወለዱ ሕፃናት አስከሬን ላይ የዳሌ ክሮችን ይከታተል ነበር፤ በአዋቂ አስከሬን ስብና ጥንካሬ ውስጥ የሚጠፉት በሕፃናቱ ላይ ጎልተው ይታያሉ። አብረው የወንድ ብልትን የሚያዝዙትን ክሮች መንገድ አገኙ። በ1982 ዋልሽ እነሱን አስቀርቶ ፕሮስቴት አወጣ፤ «ነርቭ ቆጣቢ» የሚለው አነጋገርም በዓለም ተሰራጨ። የጃፓን ሴቶች 20 ዓመት ቀድመው ያገኙት ነገር ነበር፤ ወንዶቹ ሲያገኙት ዜና ሆነ። አካሄዱ ወደ ሴቶች የዳሌ ቀዶ ሕክምና በስፋት የተመለሰው ከዚያ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ ማርክ ፖሶቨር በካሜራ በሚሠራ ኦፕራሲዮን የዳሌን ነርቮች በኤሌክትሪክ ጫፍ እየነካ፣ የትኛው ጡንቻ እንደሚንቀሳቀስ እያየ መለየትን አስተማረ።

በኢትዮጵያ ደግሞ ሥልጠናው ሥር ይሰድ ነበር። ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስና የሥራ ባልደረቦቻቸው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የቀዶ ሕክምና ስፔሻሊቲ ትምህርትን በአገር ውስጥ አቆሙ። ሆኖም ተመራቂው ለአገሩ ስፋት ጥቂት ነበር፤ ነጌሌ ደግሞ ከአዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች።

እ.ኤ.አ. በ1996 ስቲቨን አሮውስሚዝ፣ ካትሪን ሃምሊንና ልዊስ ዎል የአዲስ አበባውን ልምድ ይዘው አንድ ጽሑፍ አወጡ። ረጅም ምጥ የሚያደርሰው ጉዳት የፊኛ ቀዳዳ ብቻ እንዳልሆነ፣ ነርቭን፣ ጡንቻን፣ አጥንትንና ኑሮን አንድ ላይ የሚመታ መሆኑን ጻፉ። ቀዳዳው ተሰፍቶ ሴትዮዋ «ድናለች» ተብላ ስትሸኝ እግሯ ገና መሬት እየጠረገ ከሆነ ሥራው አላለቀም ማለት ነው። ይህን ከዕጢ ኦፕራሲዮን ጋር ማዛመድ አንድ እርምጃ ብቻ ነው፤ እርምጃውን የሄደበት ሰው ግን ብዙ አልነበረም።

ከአሥር ዓመት በኋላ ሁለት ነገሮች በአንድ ዓመት ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ2006 የሃምሊን ፊስቱላ ማዕከል ይርጋለም ላይ ተከፈተ፤ የጉጂና የቦረና ሴቶች አዲስ አበባ ድረስ መሄድ ሳያስፈልጋቸው የሚታከሙበት ቦታ ቀረበ። በዚያው ዓመት አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከኖርዌዩ በርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ የነርቭ ቀዶ ሕክምና ሥልጠና ጀመረ። ከዚያ በፊት በአገሪቱ የነበሩት የነርቭ ቀዶ ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ሥልጠናው ብዙ ወጣቶችን አፍርቷል፤ ከእነሱም ወደ ክልል ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች የወጡ አሉ።

ይህ ለዳሌ ዕጢ ለምን ይጠቅማል? ከዳሌ ዕጢዎች አንዳንዶቹ የሚበቅሉት ከነርቩ ከራሱ ነው። ሽዋኖማ የሚባለው ካንሰር ያልሆነ ዕጢ ከነርቭ ሽፋን ተነስቶ ቀስ እያለ፣ ለዓመታት ሳይታወቅ ያድጋል። ትልቅ ሲሆን በአልትራሳውንድ ላይ ማዮማ ወይም የእንቁልጢ ከረጢት ሊመስል ይችላል። እንደዚያ መስሎት ሆዱን የከፈተ ሐኪም ዕጢውን ከነሥሩ ልቁረጥ ካለ ነርቩን አብሮ ይቆርጠዋል። ትክክለኛው መንገድ የዕጢውን ቅርፊት በነርቩ ክሮች አቅጣጫ ሰንጥቆ፣ ፍሬውን እንደ እሸት ባቄላ ከልጡ ፈልፍሎ ማውጣት ነው። ብዙውን ጊዜ ዕጢው የተነሳው ከአንድ ቀጭን ክር ነውና የቀሩት ክሮች ይተርፋሉ። ይህ የሠለጠነ እጅ፣ ማጉያ መነጽርና የነርቭ ማነቃቂያ ይፈልጋል፤ ቦታውም አዲስ አበባ ወይም ትልቅ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ነው።

በቆላው ከተሞች የሚሆነው ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2009 ገደማ ጀምሮ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ከዩኒቨርሲቲዎች ጋር ሆኖ የተቀናጀ የድንገተኛ ቀዶ ሕክምናና የወሊድ ሕክምና ባለሙያዎችን በማስተርስ ደረጃ ማሠልጠን ጀመረ። ዶክተር ያልሆኑ የጤና ባለሙያዎች ሦስት ዓመት ሠልጥነው፣ ወደ ገጠር ሆስፒታሎች ወርደው የምጥ ኦፕራሲዮንን ጨምሮ ድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ይሠራሉ። በእንዲህ ያለ ሆስፒታል ሌሊት የምትመጣ፣ የእንቁልጢ ከረጢቷ ተጠማዝዞ የምትጮህ ሴት ከሞት የምትተርፈው በእነሱ እጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ ሚኒስቴሩ ደህንነቱ የተጠበቀ ቀዶ ሕክምና ሕይወት እንዲያድን ያለመ አገራዊ ፕሮግራም አወጣ። ከሚለካቸው ነገሮች መካከል ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚደርስ ሞትና የቁስል መመርቀዝ አሉበት። ሁለቱም መለካት ያለባቸው ናቸው። እግር ግን እዚያ ዝርዝር ውስጥ ጎልቶ አይታይም።

ቦረና ውስጥ እግር ምን ማለት እንደሆነ ለማወቅ ዱብሉቅ ካሉት ጥልቅ ኤላዎች፣ ማለትም የውኃ ጉድጓዶች፣ አንዱ ጋር መቆም ይበቃል። ሰዎች ከታች እስከ ላይ በተዘረጋው መወጣጫ ላይ ተደርድረው፣ እየዘፈኑ ባልዲውን ከእጅ ወደ እጅ ያቀባብላሉ። ጉልበቱን መዘርጋት የተሳነው ሰው እዚያ ሰልፍ ላይ ቦታ የለውም። 20 ሊትር ጀሪካን በጀርባዋ አዝላ ጠጠር መንገድ የምትሄድ ሴትም የሚወድቅ እግር ይዛ አትዘልቅም። እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሲከሽፉና የቦረና ከብት በብዛት ሲያልቅ ውኃው የበለጠ ራቀ፤ ሰውም ከሳ።

የመክሳቱ ነገር በቀጥታ ከነርቭ ጋር ይገናኛል። ሆድ ሲከፈት ጠርዞቹን ገልጦ የሚይዘው ራሱን የሚደግፍ ሪትራክተር ረጅም ምላጭ ካለው፣ በቀጭን ሰው ላይ ጫፉ እስከ ሶአስ ጡንቻ ይወርድና የፌሞራልን ነርቭ ከዳሌው ግድግዳ ጋር ይጫነዋል። ወፍራም ሴት ላይ ይህ በቀላሉ አይደርስም፤ የሆዷ ውፍረት ይከላከላል። ከቆላ የመጣች ቀጭን ሴት ላይ ያው መሣሪያ አደጋ ነው። ትልቅ ማዮማ ለማውጣት ሁለት ሰዓት ተኝታ ስትነቃ ማህፀኗ ሰላም ነው፣ ቁስሏ ንጹሕ ነው፤ ስትቆም ግን ጉልበቷ ይከዳታል። ደግነቱ ይህ በአብዛኛው ከሴዶን የመጀመሪያ ደረጃ ነውና በወራት ውስጥ ይመለሳል። ለወራት ውኃ መቅዳት አለመቻል ግን ለእሷ ቀላል ነገር አይደለም።

መከላከያው ርካሽ ነው። አጭር ምላጭ መምረጥ፣ ከምላጩ ሥር የታጠፈ እርጥብ ጨርቅ ማድረግ፣ በየመሃሉ ላላ አድርጎ ማሳረፍ። እግሮቿ በመደገፊያ ላይ ከተሰቀሉ ከጉልበቷ በታች ያለው የውጭ አጥንት ብረቱን እንዳይነካ ጨርቅ መጠቅለል፣ ጭኗንም ከልክ በላይ አለመጠምዘዝ። ዳሌ ግድግዳ ላይ ደም ሲፈነዳ በጭፍን በመቆንጠጫ ከመያዝ በፊት በጎዝ ተጭኖ መጠበቅና ምንጩን ማየት። ማዮማው ከማህፀኑ ጎን ወይም ከማህፀን በር በታች ካደገ የሽንት ቧንቧውና ነርቮቹ ከቦታቸው ተገፍተዋልና ቅርፊቱን ሳይለቁ ከውስጥ መሥራት። ቦኒ የማዮማን ቅርፊት ያከብር የነበረው ለማህፀኑ ሲል ነው፤ ነርቩም በዚያው ይጠቀማል።

ሌላው ነገር ከኦፕራሲዮኑ በፊት የሚጠየቅ ነው። ማዮማ ያለባት ሴት ደም ይበዛባታል፣ ሆዷ ይከብዳታል፤ ሽንቷም ቶሎ ቶሎ ሊመጣባት ይችላል። «እግሬን እንደ እሳት ያቃጥለኛል» ካለች፣ ተረከዟ ላይ ቁሚ ስትባል አንዱ እግር ካልታዘዛት፣ ወይም ሽንቷ ሳይታወቃት ከሞላ ግን ዕጢው ከማህፀን ላይሆን ይችላል። በመቀመጫ በኩል በጣት ሲመረመር ከሳክረም ፊት የተጣበቀ ጠንካራ ነገር ከተዳሰሰ ነጌሌም ሆነ ያቤሎ ወይም ሞያሌ ላይ መክፈት ተገቢ አይሆንም፤ ሪፈር ተጽፎላት ሲቲ ወይም ኤም.አር.አይ. ወዳለበት ሀዋሳ ወይም አዲስ አበባ ትሄዳለች። ካንሰር ያልሆነ ዕጢ አብዛኛውን ጊዜ ለሳምንታት ይጠብቃል። የመንገዱ ገንዘብ፣ የአስታማሚው ስንቅና ቤት የቀሩት ልጆች ግን አይጠብቁምና ሪፈሩ ወረቀት ሆኖ የሚቀርበት ጊዜ አለ፤ ችግሩም ከሕክምናው ክፍል ውጭ ነው።

ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ደግሞ በወገብ የተወጋው ማደንዘዣ በጥቂት ሰዓታት ይለቃል። በማግስቱ ጠዋት እግሯ አሁንም ከደነዘዘ «ማደንዘዣው ነው» ብሎ ማለፍ ልክ አይደለም። የተረኛው ነርስ ሥራ ሦስት ጥያቄ ብቻ ነው፦ ጉልበትሽን ዘርጊ፣ የእግርሽን ጣቶች ወደ ላይ አንሺ፣ ካቴተሩ ከወጣ ወዲህ በደንብ ሸናሽ? ሦስቱም ከደም ግፊቱና ከሙቀቱ ቁጥር ጎን በካርዷ ላይ መጻፍ ይችላሉ። ጣቶቿን ማንሳት ካቃታት ያኔውኑ ቁርጭምጭሚቷ ቀጥ ብሎ እንዲቆይ ከካርቶን ወይም ከጄሶ ድጋፍ ይሠራላታል፤ ነርቩ በቀን አንድ ሚሊሜትር እየመጣ ሳለ ጅማቷ አጥሮ እንዳይጠብቀው።